ርካሽ ጥይት፣ ውድ አጋዘን

ጥይት በኢትዮጵያ ገበያ ከገንዘብ የተቆጠረበት ዘመን ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መባቻ የማርያ ቴሬዛ ብር ለትልቁ ግዢ ሲወጣ አሞሌ ጨውና ጥይት ለዝርዝሩ ያገለግሉ ነበር። ጥይት ተቀብሎ በርበሬ ለሚሸጥ ገበያተኛ ዋናው ነገር ጥይቷ ያልተተኮሰች መሆኗ ነው። ጫፏ ላይ የተሰካው አረር ከምን እንደተሠራና ሥጋ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን የእሱ ጉዳይ አልነበረም። ብር ከብር እንደማይለይ ሁሉ አንዷ ፍሬም ከሌላዋ ፍሬ አትለይም ነበር።

ዘመኑ አለፈ፤ ልማዱ ግን ቀረ። ዛሬም ጥይት የሚቆጠረው በፍሬ ነው፤ ዋጋውም የሚነሣው በፍሬ ነው። የመሣሪያው ዓይነት ከታወቀ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ «ስንት?» የሚለው ብቻ ነው። ለአደን፣ ያውም የውጭ ምንዛሪ ለሚከፈልበት አደን፣ ከዚህ የከፋ የገበያ ስሕተት ማግኘት ያስቸግራል። ምክንያቱም በአደን ሥራ ውስጥ ከሁሉ ርካሹ ዕቃ ጥይት ሲሆን፣ ከሁሉ ውዱን ነገር የሚያተርፈው ወይም የሚያጠፋውም እሱው ነው።

በባሕር ዳር ስለ ጥይት ማውራት የማይመችበት ወቅት መሆኑ የታወቀ ነው። በክልሉ ግጭቱ ከተባባሰበት ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የጣና ገዳማትንና የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ለማየት የሚመጣው እንግዳ ቀንሷል፤ ጉዳቱም ከሆቴሉ እስከ ጀልባው፣ ከጀልባው እስከ ዓሣ ጠባሹ ደርሷል። ሰው በሰው ላይ በሚተኩስበት አገር ስለ አጋዘን ጥይት መጨነቅ ቅንጦት ቢመስል አያስገርምም። ይሁንና ባለሀብት ካፒታሉን ወዴት እንደሚያዞር የሚያሰላው ሰላም ከወረደ በኋላ ሳይሆን ቀደም ብሎ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ስሌቱ ተለውጧል። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዶላር የሚያስከፍል ሥራ ሁሉ የነጋዴውን ዓይን ይስባል፤ አደን አንዱ ነው።

በመጀመሪያ ስሙን ማጥራት ይገባል። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣ ሰው «ዲር» ሲል አስተርጓሚው «አጋዘን» ይለዋል። በኢትዮጵያ ግን ፈረንጁ የሚያውቀው ቀንዱን በየዓመቱ የሚጥለው ዲር የለም። አጋዘን የምንለው ቀንዱ የማይወድቅ፣ ጠመዝማዛ፣ ከድኩላ ጋር አንድ ወገን የሆነ እንስሳ ነው። የቆላ አጋዘን አለ፤ የደጋ አጋዘን አለ። በአሥር ሳንቲም ላይ የምናየው የደጋው አጋዘን ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም የትም አይገኝም። የውጭ አዳኝ ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚመጣው በተለይ ለእሱ ሲሆን፣ የሚታደነውም በባሌና በአርሲ እንደ ሙነሳ ኩኬ፣ አባሸባ ደመሮና ኦዶ ቡሉ ባሉ ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች፣ በፈቃድና በኮታ ነው። የጣና ባለሀብት ወደዚህ ንግድ ልግባ ቢል ገንዘቡ የሚሄደው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተራሮች ነው ማለት ነው። ስለ ጣና ዳር ራሱ ኋላ ይነሣል።

አማርኛ ስለ ጥይት ከገበያው የበለጠ ያውቃል። ቀለህ፣ ባሩድ፣ አረር ብሎ ለይቶ ይጠራል። ቀለህ ዕቃ ነው፤ ባሩድ ጉልበት ነው፤ ከእንስሳው ጋር የሚገናኘው ግን አረሩ ብቻ ነው። ገበያው «ጥይት» ብሎ በጅምላ ሲጠራው የሚጠፋው ይኸው ልዩነት ነው። ሁለት ጥይቶች በቀለህ አንድ፣ በባሩድ አንድ፣ በዲያሜትር አንድ ሆነው በአረራቸው ብቻ ሊለያዩ ይችላሉ። አንደኛው አጋዘኑን እዚያው ይጥላል፤ ሁለተኛው ቀዳዳ ሠርቶ ያልፋል፣ አጋዘኑም ጫካ ገብቶ ከሁለት ቀን በኋላ ይሞታል።

ልዩነቱ የመጣው ከሕግ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1899 በሄግ የተሰበሰቡ መንግሥታት ሰው አካል ውስጥ ሲገባ የሚከፈት ወይም የሚደፈጠጥ አረር በጦርነት እንዳይተኮስ ቃል ገቡ። ከጥቂት ዓመት በፊት እንግሊዞች በካልካታ አቅራቢያ በምትገኘው በደምደም የሠሩት አረር ቁጣ አስነሥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የወታደር ጥይት አረር ሙሉ በሙሉ በብረት ልብስ የተለበጠ ሆነ፤ ዓላማውም እንዳይከፈት ነው። ለአደን ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። በጦር ሜዳ የተከለከለው ለአጋዘን የግድ የሚፈለግ ነው፤ የአዳኝ ግዴታ እንስሳውን ፈጥኖ መግደል ነውና። ጫፉ ለስላሳ ወይም ክፍት የሆነ አረር ሥጋ ሲያገኝ እንደ እንጉዳይ ይገለጣል፤ ስፋቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ጉልበቱንም ሳንባና ልብ ላይ አውርዶ ይጨርሳል። የተለበጠው አረር ግን ወስፌ ቆዳ እንደሚወጋው ወግቶ ያልፋል፤ ጉልበቱንም ይዞት ሄዶ ከኋላ ያለ ዛፍ ላይ ያወርደዋል።

እንግሊዞች ይህንን በሕግ ጽፈውታል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የእንግሊዝና የዌልስ የዲር ሕግ በጠመንጃ የሚታደን ዲር ጫፉ ለስላሳ ወይም ክፍት ባልሆነ አረር እንዳይመታ ይከለክላል። ጠመንጃው ከአፈሙዝ ሲወጣ ጉልበቱ ከ2,305 ጁል እንዳያንስም ያዛል። በአሜሪካም በርካታ ክፍላተ ሀገር በተለበጠ አረር ዲር ማደንን ከልክለዋል። በዚህ ሚዛን በጎጃምና በጎንደር እረኛው ሳይቀር ስሙን የሚያውቀው ክላሽንኮቭ ሲመዘን ሁለት ጊዜ ይወድቃል። የተለመደችው የክላሽ ጥይት 8 ግራም አረር ይዛ በሰከንድ 715 ሜትር ገደማ ትወጣለች፤ ጉልበቷም 2,000 ጁል ያህል ነው። ይህ አንድ ውድቀት ነው። ሁለተኛው አረሩ የተለበጠ፣ መካከሉም የብረት እምብርት ያለው መሆኑ ነው። ጠበብት በጄላቲን ላይ ተኩሰው እንዳዩት ይህ አረር ከመዞሩ በፊት 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ቀጥ ብሎ ይጓዛል። የድኩላ ደረት ከጎን ከጎን ከዚያ ብዙም አይሰፋም። አረሩ መዞር ሲጀምር ድኩላው አልቋል፤ አረሩ ውጭ ነው።

በዓለም ገበያ ለአጋዘን የሚመረጡት ሌሎች ናቸው። 308 ዊንቸስተር የሚባለው 9.7 ግራም አረር ሲይዝ 3,600 ጁል ገደማ ይሰጣል፤ 30-06 የሚባለው በ11.7 ግራም ወደ 4,000 ይጠጋል። ወንዱ የደጋ አጋዘን እስከ 300 ኪሎ ሊደርስ ስለሚችልና ተኩሱ ከሸንተረር ሸንተረር ስለሚሆን ብዙዎች ወደ 300 ዊንቸስተር ማግነም ያዘነብላሉ። ሆኖም እዚህ ላይ ለጉልበት ብቻ መስገድ አይገባም። ተኳሹን የሚያስፈራው ርግጫ ያለው ጠመንጃ ቃታውን ያስመነጭቀዋል፤ የተመነጨቀ ቃታ ደግሞ ሆድ ይመታል። 30-06ን ከፊት እግሩ ጀርባ በትክክል የሚያሳርፍ ሰው ከማግነሙ ባለቤት ይልቅ ለድርጅቱ ትርፍ ነው።

ትርፉ ወዴት እንደሚሄድ ለማየት አንድ የአደን ደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። በአፍሪካ የአደን ሥራ የተለመደው «ደም ከፈሰሰ ተከፍሏል» የሚለው ነው። የቆሰለና ያመለጠ እንስሳ እንደተገደለ ይቆጠራል፤ እንግዳው ይከፍላል፣ ከኮታውም ይቀነሳል። እንግዳው ከአገሩ ለአውሮፕላን፣ ለካምፕ፣ ለመኪና፣ ለፕሮፌሽናል አዳኝ፣ ለፈቃድ የከፈለው ሁሉ ተደምሮ ውጤቱ በጥቂት ዶላር አረር ላይ ይንጠለጠላል። አረሩ ካልሠራ እንግዳው ባዶ እጁን ከፍሎ ይሄዳል፤ ሄዶም ያወራል። ድርጅቱ የዓመቱ ኮታ ላይ አንድ ያጣል። ቁጥሩ በጥቂት ሺህ ብቻ ከሚገመተው የደጋ አጋዘን ላይም አንድ ወንድ ለማንም ሳይጠቅም ጅብ ይበላዋል። ነጋዴ ቋንቋ ይህ ኪሳራ ይባላል፤ ሌላ ስም አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ የቀድሞ አዳኞች ወገን ይነሣል። «አባቶቻችን በምንሽርና በውጅግራ ጎሽ ጥለው ጎፈሬ አሳድገው የለም ወይ?» የሚል ክርክር ከጠጅ ቤት እስከ ቢሮ ይሰማል። ክርክሩ ሙሉ በሙሉ ባዶ አይደለም፤ ያውም ካሰቡት በላይ እውነት አለው። ውጅግራ፣ ስሙን ከፈረንሳዩ ግራ ያገኘው የ1874 እ.ኤ.አ. ጠመንጃ፣ የሚተኩሰው 11 ሚሊ ሜትር ስፋትና 25 ግራም ክብደት ያለው፣ ምንም ብረት ያልለበሰ የእርሳስ አረር ነበር። ፍጥነቱ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ቢሆንም አረሩ ሰፊ፣ ከባድና ለስላሳ ስለነበረ አጥንት ሲያገኝ ይደፈጠጣል። በአድዋ የተተኮሰው ውጅግራ ለድኩላ ከዛሬው ክላሽ የተሻለ የአደን መሣሪያ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ አባቶችን ምስክር መጥራት ለተለበጠው አረር ጠበቃ አያቆምም። ሌላም ነገር አለ። ግዳይ ጥሎ የፎከረው ሰው ስለ ጣለው ፎከረ፤ ቆስሎ ስለ ሄደው የፎከረ የለም። ስለዚህ ከፉከራው ተነሥቶ ስንት እንደጠፋ ማስላት አይቻልም።

ለስላሳ አረር ሁሉ ደግሞ ጥሩ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1946 ጆን ኖዝለር የተባለ አሜሪካዊ በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሙስ የተባለውን ግዙፍ የዲር ወገን ሲያድን በቅርብ ርቀት የተኮሰው ፈጣን አረር ጭቃ የተለጠፈበትን ትከሻ ሳያልፍ ተበታተነበት። ከዚያ ተነሥቶ መካከሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ ያለው አረር ሠራና በ1948 ለገበያ አቀረበ። የፊተኛው ግማሽ ይከፈታል፤ የኋለኛው ግማሽ ሳይበታተን ወደ ውስጥ ይነዳል። ዛሬ በውድ ዋጋ የሚሸጡት የአደን አረሮች ብዙዎቹ የዚህ ሐሳብ ልጆች ናቸው። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ እርሳስ የሌለበት፣ ሁለመናው መዳብ የሆነ አረር መጥቷል። ይኸኛው ክብደቱን ሳያጣ ጠልቆ ይገባል። ጉድለቱ ፍጥነቱ ሲወርድ ለመከፈት መስነፉ ነው፤ ከሩቅ ለመተኮስ ያሰበ ሰው ይህን ሳያውቅ ቢገዛው ገንዘቡን ከፍሎ የወታደር አረር እንደገዛ ይቆጠራል።

ከዚህ ጋር የደጋው አየር አለ። በካርቶኑ ላይ የሚታተመው የአረር አወራረድ ሠንጠረዥ ብዙውን ጊዜ የተሰላው ለባሕር ጠለል ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ የባሌ የአደን ቦታዎች 3,000 ሜትር ያልፋሉ። 3,500 ሜትር ላይ የአየሩ ውፍረት ከባሕር ጠለሉ ሰባ ከመቶ ያህል ብቻ ነው። አረሩ ብዙ አይያዝም፤ ፍጥነቱን ይጠብቃል፤ ከተጠበቀውም ከፍ ብሎ ይመታል። በመቶ ሜትር ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ በሦስት መቶ ሜትር ሳንባና አከርካሪ የሚለያዩበት ሊሆን ይችላል። እንግዳውን ከአውሮፕላን አውርዶ ዒላማ ሳያስተኩስ ወደ ሸንተረር የሚያወጣ ድርጅት በእንግዳው ገንዘብ ቁማር ይጫወታል።

አሁን ወደ ጣና። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በባሕር ዳር አፍንጫ ሥር ጉማሬ አለ። በክልሉ ደንና ሸለቆ ድኩላና ሚዳቋ አሉ። ለእነዚህ ሁለት ወገኖች የሚሆነው ጥይት ፈጽሞ ተቃራኒ ነው። ለጉማሬ የራስ ቅል የማይከፈት ጠጣር አረር፣ ያውም 375 ኤች ኤንድ ኤች የሚባለውና እንደዚያ ያለ 5,700 ጁል ገደማ የሚሰጥ ጠመንጃ ያስፈልጋል፤ ለድኩላ ደግሞ ፈጥኖ የሚከፈት። «ጥሩ ጥይት» ብሎ ነገር የለም፤ ለምን እንደሚሆን ተለይቶ ካልተነገረ በስተቀር። የነገደ ወይጦ ሰዎች በታንኳ ሆነው በጦር ጉማሬ ያድኑ በነበረበት ዘመን ይህ የታወቀ ነበር፤ የጉማሬው ጦር የጉማሬ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ጣና ዳር ላይ ጠመንጃ ይተከል ለማለት አይደለም። ሐይቁና ዙሪያው ከሰኔ 2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። የገዳማቱ ደን አደን የሚታሰብበት ቦታ አይደለም። ለባለሀብቱም ቢሆን ስሌቱ ቀላል ነው፤ ጉማሬ አንዴ ከተመታ አንዴ ይሸጣል፤ በጀልባ እየሄዱ ቢያዩት በየቀኑ ይሸጣል። ጣና ላይ አንድ አደን አለ ከተባለ ሊነሣ የሚችለው የወፍ ነው። በየክረምታቸው ከአውሮፓ የሚመጡ ኩርኪዎች በብዙ ሺህ የሚያርፉት፣ ዳክዬውም የሚርመሰመሰው በዚሁ ዳርቻ ስለሆነ የውጭ ደንበኛ «ዳክዬ የት ይተኮሳል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ «አይተኮስም» መሆን አለበት። የወፍ ጥይት የእርሳስ እንክብል ነው፤ ከመቶ አንዱ ወፉን ቢያገኝ የቀረው ውኃ ውስጥ ይወርዳል፤ ዳክዬው ጠጠር መስሎት ይውጠዋል። የአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በረግረግ ቦታ የእርሳስ እንክብል መተኮስን ከልክሏል። በገዛ አገሩ የተከለከለውን እዚህ መጥቶ እንዲተኩስ መፍቀድ እንግዳ ተቀባይነት ተብሎ ሊጠራ አይችልም።

እርሳስ በትልቁ አደንም ቢሆን የራሱ ዕዳ አለው። ለስላሳው አረር ሲከፈት ዓይን የማያየው ፍርፋሪ ከቁስሉ ርቆ ሥጋው ውስጥ ይበተናል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ኖርዝ ዳኮታ ለችግረኞች ተለግሶ የነበረ የዲር ሥጋ በራጅ ሲታይ የእርሳስ ፍርፋሪ ስለተገኘበት እንዳይታደል ተደርጓል። በአደን ቀበሌዎቻችን ቀንዱንና ቆዳውን እንግዳው ሲወስድ ሥጋው ለአካባቢው ሰው መተው የተለመደ ነው፤ እርሳሱም አብሮ ይተዋል። የሆድ ዕቃውን የሚያነሣው ደግሞ አሞራ ነው። በቦትስዋና በአሞሮች ደም ላይ የተደረገ ጥናት በአደን ወቅትና በአደን ቀበሌ የእርሳሱ መጠን ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አሳይቷል። በባሕር ዳር ቄራ ዙሪያ የምናየው ትንሹ ጥንብ አንሳ ሳይቀር ዛሬ በዓለም ፈጽሞ ሊጠፉ ከተቃረቡት ወፎች ዝርዝር ገብቷል። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአደን ላይ እርሳስን ጨርሳ የከለከለችው ኮንዶር የተባለው አሞራዋ በዚሁ ምክንያት ስላለቀባት ነው። የመዳብ አረር በፍሬ ይወደዳል። አንድ አጋዘን የሚፈልገው ግን አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ነው፤ ከጠቅላላው ወጪ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 አደንን በፈቃድ አስሯል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጥይትን ያለፈቃድ መያዝንም ሆነ መነገድን ወንጀል አድርጓል። ስለዚህ በየመንደሩ በፍሬ የሚቸረቸረው ጥይት ለሕጋዊ አደን ገበያ አይሆንም፤ በአረሩም አይሆንም፣ በሕጉም አይሆንም። «ለካምፑ ጠባቂዎችና ለመንገድ መሪው ከአካባቢው ጥይት ይገዛል» እየተባለ የሚቀርብ የወጪ ቅነሳ ሐሳብ ካለ ባለሀብቱ ከነአቅራቢው ቢሸኘው ይሻለዋል። እንግዳው ጥይቱን በፈቃድ ይዞ ይመጣል፤ ድርጅቱ የሚጠበቅበት ምን ይዞ እንዲመጣ ቀድሞ መንገር ነው።

ይህም በውል ውስጥ አንድ አንቀጽ ይበቃዋል። የአረሩ ዓይነት ተከፋች መሆኑ፣ ከአፈሙዝ የሚወጣው ጉልበት ለድኩላ ከ2,300 ጁል፣ ለደጋ አጋዘን ከ3,500 እንዳያንስ፣ ከአደኑ በፊት በዚያው ከፍታ ዒላማ እንዲተኮስ፣ የቆሰለ እንስሳ ሳይገኝ ሌላ እንዳይተኮስ ተጽፎ ይፈረማል። የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንም ይህንኑ በፈቃዱ ወረቀት ላይ ቢያሰፍረው የሚያወጣው ወጪ የቀለም ብቻ ነው። የሚቃወም ድርጅት ቢኖር ምክንያቱን ይናገር፤ ባለፈው ዓመት ስንት ቆስሎ እንደጠፋበትም አብሮ ያስመዝግብ። ደላላውም ለባለሀብቱ የአደን ድርጅት ድርሻ ሲያሻሽጥ ከመኪናውና ከድንኳኑ ዝርዝር በፊት የሚያስቀድመው ሰነድ ይኸው የቆሰሉና ያልተገኙ እንስሳት መዝገብ ቢሆን፣ የድርጅቱ ዋጋ ስንት እንደሆነ ከዚያ ላይ ይነበባል።